ቃልን ወደ ፊት ላዙራት?

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 1፡15
ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ወደ ሥራ። እኔ ጋቢና መሪ ይዤ፣ ልጄ ቃል ከኋላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። የልጅ መቀመጫውን ገዝቶ ወደ ኋላ አዙሮ ያሰረው ባሌ ጌች ነው። አስሮት ወደ አሶሳ፣ ወደ መንገድ ሥራው ሄደ። ስፖኪዮው ላይ የሚታየኝ የመቀመጫው ጀርባ ብቻ። አወራለሁ፣ ማን ይመልስልኛል? አንተም ዝም፣ ማስታወሻዬ።

ጥቅምት 9፣ ማታ
አማቴ ከማንኩሳ መጡ። ቃልን መኪና ውስጥ አይተው ክው አሉ። ይቺ ሕፃን ምን በድላሽ ነው ፊት የነሳሻት አሉኝ። ሳቅሁ። ሲሄዱ ግን ሆዴ ባባ። ፊት የተነሳሁትስ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 10
ጌች ደወለ። ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል፣ እግሯም ተጣጥፏል፣ ላዙራት አልሁት። የለም አለ። እግሯ ቢታጠፍ ምንም አይደል፤ ቁመቷና ክብደቷ መቀመጫው ከሚችለው እስኪያልፍ ትቆይ፤ ድንገት ፍሬን ቢያዝ መቀመጫው ጭንቅላቷን ይደግፍላታል፣ አንገቷ ገና አልጠናም። ኔትወርክ ተቋረጠ። ለሱ ምን አለበት! ባዶ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 12
አዞርኋት። ለጌች አልነገርሁትም።

ጥቅምት 13
እሰይ! ስፖኪዮው ሙሉ ቃል። ምላሷን አወጣችልኝ፣ እኔም አወጣሁላት። እንዲህ ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ። ቡሬ መቼ እንደደረስሁ እንጃ።

ጥቅምት 15፣ ከሰዓት 9፡30
ማንኩሳ፣ የገበያ ቀን። ቃል እጇን ታጨበጭባለች፣ እኔ ስፖኪዮ ላይ ነኝ። ቀና ስል ጤፍ የጫነች አህያ። ፍሬን! አህያዋ ተረፈች፤ ባለቤቷ ስድቡን አወረደው፣ ይበለኝ። የቃል ጭንቅላት ግን ወደ ፊት ተወርውሮ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። ቀበቶው ትከሻዋን አቅልቶታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ አንገቷን ነካክተው ደህና ናት፣ ተርፋለች አሉኝ። ልጄን ለብቸኝነቴ መጫወቻ አደረግኋት። መንገዱን እያየሁ አልነበረም።

11፡00
መቀመጫዋን ወደ ኋላ አዙሬ መለስሁት። መቀመጫው እስኪጠባት ድረስ እንዲሁ ትሄዳለች። አማቴም ይቀየሙኝ። ቀበቶዋን አጥብቄ ጉንጯን ስሜ ስሜ አልጠግብ አልሁ። ከዚያ ጋቢና ገባሁ። ስፖኪዮው ባዶ። ይሁን። አንገቷ ይጥናልኝ እንጂ፣ እኔ እየናፈቀችኝ እነዳለሁ።