ዌይሎን ተፈታ የተባለ ቀን

እማዬ፣

ያን ቀን ጠዋት የዌይሎን ፎቶ ከእስር ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሲጠፋ እየሳቅሽ ነበር የደወልሽልኝ። «ፈቱት! ስሙም የለም፣ ፎቶውም የለም፤ ወንድምሽን ፈቱት!» አልሽኝ። ባቄላውን ጣድሽ፣ የበቆሎ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከተትሽ፣ ወንበርሽን በረንዳው ላይ አውጥተሽ መንገዱን ስታዪ ዋልሽ። እኔም እዚያ ሌላ ግዛት ካለው ትምህርት ቤቴ ሆኜ አብሬሽ ሳቅሁ። ሁለታችን ስንስቅ ዌይሎን ከአውራጃችን ውጭ ባለ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቶ፣ መሣሪያ ይተነፍስለት ነበር። ነገራችን የተበላሸው እዚያች ሳቅ ላይ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ከብርዱ ወዲህ እንዴት ሆነ? ጎረቤታችን ኸርሼል የዶሮዎቹን ቤት በር ጠገነልሽ ወይስ ዛሬም ነገ እያለሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚሁ አውራጃችን ከተማ መሃል፣ ከችግኝ መሸጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነኝ። የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺ ነው። ኸርሼል እንደነገረኝ አጥፍተሽ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ከትተሽዋል። «እናትሽ ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች፤ ከዶሮዎቹ ጋር ግን ትጨቃጨቃለች» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅሁም።

አንቺ ያንን ገጽ ለምን እንደምትከፍቺ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በአውራጃችን ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ የማን ልጅ እንደገባ፣ የማን ባል እንደወጣ ያያል። ሚስስ ቪና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ «የዌይሎን ፎቶ በዚህኛው አምሮበታል፤ ጸጉሩን አበጥረውለታል ልበል?» ብላ ሰው ሁሉ ፊት ያለችሽን አልረሳሁም። አንቺ ግን ለወሬ አልነበረም። ፎቶው ካለ ልጅሽ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጣሪያ ሥር ነው፣ የዕጽ መርፌ እጁ አይገባም፣ የሆነ ቦይ ውስጥ አልወደቀም። «ዛሬ ገብቷል፤ ተመስገን፣ እንቅልፍ ይወስደኛል» ትይኝ ነበር። ከጸሎት ጓደኞችሽ ግማሾቹ የሚተኙት እንዲሁ ነው። ልጅን ለእስር ቤት አደራ ሰጥቶ መተኛት። እኛ አገር ሌላ ማን አለ የሚቀበለው?

ቀብሩ ላይ እስር ቤቱን የሚያዘው ሸሪፍ ሞብሊ ኮፍያውን አውልቆ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ። «ልጃችሁ በካቴና አልሞተም። ነፃ ሰው ሆኖ ነው የሞተው፤ ይሄ ያጽናናችሁ» አለ። ሚስቱ ዶሮና ሩዝ በትልቅ ሳህን ይዛ መጥታ ነበር። አንቺ እጁን ይዘሽ አለቀስሽ። እኔ ግን ሆስፒታሉ የሰጠንን ከረጢት ከፍቼ ነበር። ውስጡ የነበረው ብርቱካናማው የእስረኛ ሱሪ ነው። ነፃ ሰው በእስረኛ ሱሪ ወዴት ይሄዳል?

የእስር ቤቱን መዝገብ ልጠይቅ ሸሪፉ ቢሮ የሄድሁት በዚህ ምክንያት ነው። በመስኮቱ በኩል ያገኘኋቸው ሚስ ኦፓል ነበሩ፤ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ። መንጃ ፈቃዴን አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። «ውዴ፣ ይሄ የሌላ ግዛት ነው። በሕጋችን መዝገብ የሚያገኘው የዚህ ግዛት ነዋሪ ብቻ ነው» አሉኝ። «ሚስ ኦፓል፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ያውቃሉ እኮ» ብላቸው፣ «እኔማ አውቃለሁ። ካርዱ ግን አያውቅሽም» አሉ። ከኋላቸው የተቀመጠው ወጣት ፖሊስ ሳቁን መያዝ አቅቶት «ሕግ ነው የምትማሪው አሉ? ይቺን ሳያስተምሩሽ ነው የለቀቁሽ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለትምህርቱ ብዬ ካርዴን የለወጥሁ ጊዜ አንድ ቀን የወንድሜን ሞት ለመጠየቅ መብት እንደማጣ አላሰብሁም።

ከዚያ ወዳንቺ መጣሁ። አንቺ ነዋሪ ስለሆንሽ መዝገቡን በስምሽ እንድትጠይቂልኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የለመንሁሽ። ሳህን እያጠብሽ ነበር፤ ዘወር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። «አልፈርምም» አልሽኝ። «ሸሪፉን ፈርተሽ ነው» ብዬ ጮህሁብሽ። አንቺ እጅሽን ከአረፋው ሳታወጪ «እሱን አይደለም» ብቻ አልሽ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ከሁሉም ሰው አንቺ እንዴት ለእነሱ ትወግኛለሽ ብዬ መሪውን በቡጢ ስመታ ኸርሼል አጥሩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር።

የዚህን ዓመት ትምህርት አቋርጫለሁ። አትቆጪ። ይቺን ክፍል ተከራይቼ፣ ነዋሪ መሆኔን አስመዝግቤ፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ተመልሼ ሄድሁ። ሚስ ኦፓል ካርዱን ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «እናትሽን ነው የወጣሽው፤ እሷም እንዲህ ደረቅ ነበረች» አሉኝ። ማህተሙን መቱልኝ።

የጻፉትን ሁሉ አነበብሁት፤ ለአንቺ ሁሉንም አልደግመውም። ወንድሜ ዕጹ ከሰውነቱ ሲወጣ ሲያስመልሰው ነበር። ውሃ ጠይቋል። ጠባቂው «ነርሷ ሰኞ ትመጣለች» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ተኝቷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ተኝቷል» ነው። አምቡላንሱ ከወሰደው በኋላ ደግሞ የመፍቻ ወረቀት ሠርተውለታል። ያለ ዋስ፣ በራሱ ፊርማ ተለቋል ይላል። ፊርማው መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ጠባቂው በእጁ ጽሑፍ «መፈረም አልቻለም» ብሎ ሞልቶታል። እማዬ፣ እስረኛ ሲሞት ለግዛቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ምርመራ አለ። የተፈታ ሰው ሲሞት ግን ሸሪፉ ኮፍያውን አውልቆ ይመጣል፣ ሚስቱ ሩዝ ታመጣለች፣ በቃ። ፎቶው ከገጹ ላይ የወረደው ለዚህ ነው። አንቺ በረንዳ ላይ ወንበር ያወጣሽው ለዚህ ነው።

ሚስ ኦፓል አንዲት ገጽ ለብቻዋ ይዘው ቀርተው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺስ? ዌይሎን የተያዘ ዕለት ደውሎ ፖሊስ የጠራው ሰው የተናገረው ነው፤ ቃል በቃል። በሕጉ ያንቺ ናት» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። እኔም የወረቀቱን ጀርባ እያየሁ ሳህን ስታጥቢ «እሱን አይደለም» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። «እሷ ትቅርብኝ» አልኋቸው። ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት፤ መዳፋቸውንም ጫኑባት።

አሁን የምነግርሽን ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ወረቀቶቹን ለግዛቱ መርማሪዎች ልኬአለሁ። ደርሷቸዋል፤ ይመጣሉ። ሲመጡ እነሱ ሁሉንም ገጽ ያነብባሉ፤ እኔ ያላነበብኋትንም ጭምር። ጥያቄ ይጠይቁሻል። የዚያን ቀን ከጎንሽ እቀመጣለሁ። የፈለግሽውን ተናገሪ፣ አልቅሺ፣ ዝም በይ፤ ከወንበሬ አልነሣም፤ ከዚያም በኋላ አብሬሽ ወደ ቤት እሄዳለሁ። የምትፈሪው እኔን ከሆነ አትፍሪኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታ፤ እህል የሚቀምስ አፍ፣ የሚያርፍ ዓይን ይስጥሽ። ዌይሎንንም እዚያ ውሃ በማይከለከልበት ቦታ ያኑርልን።

ከእንግዲህ ወንድሜ ተፈታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልቀበልም፤ ታስሮ ነው የሞተው። ሸሪፉ ነፃ ሰው ሆኖ ሞተ እያለ ሲያጽናናን አልቀበልም። ደግሞም አንዲት እናት ልጇ ዓይኗ እያየ ሲያልቅባት ጨንቋት አድኑልኝ ብላ ፖሊስ ብትጠራ፣ የገደለችው እሷ ናት የሚለኝን አልቀበልም። የሚለኝ ሰው አንቺ ብትሆኚ እንኳ አልቀበልም።

ልጅሽ