የዘሐራን ጥንቸል ይዤ በሯ ላይ የቆምኩ ዕለት

ቶሎሳዬ፣ የኔ አለኝታ፣

አንተን ከቀበርን ወዲህ ሱሉልታ ሁለተኛውን ውርጭ አየች። የዘንድሮው ይብሳል። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ የላሟ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃም ስስ በረዶ ይይዛል። በረት ስገባ አሁንም ከኋላዬ "ነጠላ ብቻ ለብሰሽ ወጣሽ?" የምትለኝ ይመስለኛል። አዎ፣ ነጠላ ብቻ ለብሼ ነው የምወጣው። እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ።

ቤታችን ደህና ነው። ሰፈሩ ግን አንተ ትተኸው እንደሄድከው አይደለም። አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ከደረሰ ጀምሮ ወጣቱ ተነሥቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ተኩስ እንሰማለን፤ ለቅሶም ደርሰናል። ወተታችንን አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ሲቀር ለጎረቤት አከፋፈልኩት። አንተ ታመህ ተኝተህ እንኳ "መሬቴን ሊለካ የሚመጣ መጀመሪያ እኔን ያናግር" ትል ነበር። እኔም ያንኑ እላለሁ። አንዲት ስንዝር አልለቅም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጥንቸል ነው። አትሳቅ።

ከፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ ባለቤት ዘሐራ፣ ረብሻው ሲበረታ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ሄደች። በማግስቱ ላም ላልብ ስወጣ ከድንጋይ አጥራችን ሥር ነጭ ነገር አየሁ። ውርጭ መስሎኝ ላልፍ ስል ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ዘሐራ ጓሮዋ የምታረባት ጥንቸል ነበረች። ጸጉሯ ረጥቦ ከቆዳዋ ተጣብቋል፣ እግሮቿ ደርቀዋል፤ ከወዲያ ደግሞ ውሾች እያሸተቱ ይመጣሉ። ድንጋይ ወርውሬ አባረርኳቸውና በነጠላዬ አቀፍኳት።

ቤት ገብቼ ያንተን ጋቢ አወጣሁ። ከሞትክ ጀምሮ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም ነበር። በሱ ጠቀለልኳት፤ ጆሮዋን በመዳፌ አሸሁላት፤ ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ያ በውርጭ የተወለደው ጥጃ ትዝ አለኝ። መኝታችን አጠገብ ስታስተኛው ብጮህብህ "መጀመሪያ ጨርቅ አቀብይኝ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ" አልከኝ። ጨርቁን አቀበልኩህ፤ ስድቡንም አላስቀረሁብህም። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ጥንቸሏ ዓይኗን ገለጠች። ከሰዓት በኋላ የጎመን ቅጠል ከእጄ በላች።

ታናሽ ወንድምህ ዳዲ መጥቶ ሲያያት ተቆጣ።

"የማይበላ እንስሳ ቤት ታስገቢያለሽ?"

"ልብላት አላልኩም፤ ትኑር ነው ያልኩት።"

"ሰው እየሞተ አንቺ ለጥንቸል ታዝኛለሽ?"

"ለሰውም አዝናለሁ። ሐዘኔ ተመጥኖ የተሰጠኝ መሰለህ?"

"የሄደ ሰው ንብረት ደብቃለች ይሉሻል" ሲለኝ፣ ጥንቸሏን በዘንቢል አድርጌ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ፀሐይ ላይ አወጣኋት። በሩን ገጭ አድርጎ ሄደ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የዘሐራ ሱቅ ፊት ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "የመጤ ሱቅ ነው" እያለ የብረቱን በር በእግሩ ይመታል፣ ሌላው ድንጋይ ይዟል። ዳዲም መሃላቸው ነበር። ጥንቸሏን እንዳቀፍኩ መንገዱን ተሻግሬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ።

"ዞር በይ፣ ሴትዮ!" አለኝ ድንጋይ የያዘው።

"አልዞርም" አልኩት። "መሬታችንን የወሰደችው ዘሐራ ናት? ወይስ ይቺ ጥንቸል? እኔም መሬት አለኝ፤ እኔም እጮኻለሁ። የጎረቤቴን በር ሰብሬ ግን አልጮኽም። የምትሰብሩ ከሆነ መጀመሪያ እኔን አንሡ!" አልሰማንም እንዳይሉኝ በኦሮምኛ ደገምኩላቸው።

ዳዲ ከመሃላቸው ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ሊጎትተኝ መስሎኝ የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። እሱ ግን ዞሮ አጠገቤ ቆመ። ቶሎሳዬ፣ አቋቋሙ ቁርጥ አንተን! ይሄኔ ሽማግሌው ኦቦ ገመዳ ከዳር ሆነው "በቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ" አሉ። እያጉረመረሙ ተበተኑ። ድንጋይ የያዘውም ድንጋዩን ቦይ ውስጥ ጥሎ ሄደ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ዳዲ ደግፎ ቤት አስገባኝ።

መንገድ ሲከፈት ዘሐራ ተመለሰች። ጥንቸሏን ሳሳያት አፏን በእጇ ያዘች። "ይዣት የምሄድበት ስላልነበረኝ ተዘግቶባት በረሃብ እንዳትሞት ብዬ ቤቷን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለችኝና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። "አንቺ አትርፈሻታል፣ ያንቺው ትሁን" ብትለኝ እምቢ አልኳት። የሷ ናት። የሰው ነገር ለባለቤቱ ይመለሳል፤ እኔም ስለ መሬቴ የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ይላሉ። የሞቱት ልጆች ግን አልተመለሱም። ነገ ስሙን ቀይሮ ቢመጣም አይገርመኝም። ይምጣ፣ እዚሁ ያገኘኛል። ክረምት ሲገባ ከዳዲ ጋር ገብሳችንን እንዘራለን።

ሰው "በቃሽ፣ እርሺው" ይለኛል። አልበቃኝም። አንተን መርሳት ብሎ ነገር እኔ ዘንድ የለም። ማሳህ መሃል ቆሜ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ዝም በይ የሚለኝ ከመጣ ደግሜ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ጮክ ብዬ እጠራሃለሁ።

ያንተው አስካለ