አባ ገብረ ኪዳን የጠየቁኝ ስም

ግንቦት ፲፱፻፴፣ ይጁቤ

ይድረስ በስደት ላሉት ለወንድም ጋሼ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? የሱዳን ሙቀት ለደገኛ ሰው እንዴት ያደርግዎታል? እኛ፣ ዘመኑ እንደፈቀደው፣ አለን። የእማዬን ነገር ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ፤ አይቸኩሉ። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ታማኝ ነው፤ ስለዚህ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲማር ጠላት የደረሰበት እንግሊዛዊ ነበር። ሠላሳ ዓመት በአገሩ የአንግሊካን ቄስ ሆኖ ከሰል ቆፋሪዎችን ሲያገለግል የኖረ፣ ስለ ጸሎት ሦስት መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። ለጵጵስና ሲያጩት ትቶ መጥቶ ከቆሎ ተማሪ ጋር መሬት ተቀመጠ። እኔ ነጋዴ ነኝና እንዲህ ያለው ኪሳራ አልገባኝም ነበር። ቢሆንም ቆብ ደፍቶ፣ አባ ወልደ ሚካኤል ተብሎ፣ እኛ ቤት ተሸሸገ። የእማዬ ዓይን ደክሟልና ከዋልድባ የመጡ መነኩሴ ናቸው አልኳት። አነጋገሩን ስትሰማ፣ "የዋልድባ ምግብ ምላስ ያስራል እንዴ?" እያለች ትስቅበት ነበር።

በዚህ ወር ግን አልጋ ያዘች፤ ንስሐዋንም ፈለገች። የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ኪዳን ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ከአርበኞች ጋር ናቸው። እኔ ለጣልያን ምሽግ ገብስ እሸጣለሁና አርበኞቹ ቢያገኙኝ አይምሩኝም። ስለዚህ እማዬ መነኩሴውን ለመነች። እኔም ወደ ውጭ ጠርቼ፣ መስቀል አሳልመህ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" በላት፤ ማን ያውቅብሃል? አልሁት።

እኔ አውቃለሁ፣ አለኝ።

ገብቶ እጇን ያዘና፣ "እናቴ፣ እኔ የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ቄስ አይደለሁም። አባትዎን ላምጣልዎት" አላት። እሷም፣ "ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂዳ፣ ልጄ!" አለችው።

በማግስቱ አባ ገብረ ኪዳን ብቻቸውን ደረሱ። የጨሞጋን መሻገሪያ የጣልያን ወታደር ይዞት ኖሯል። እንግሊዛዊው ቆቡን አውልቆ፣ በአገሩ ቋንቋ እየዘመረ፣ በአውራ መንገዱ ሄደ። ወታደሩ ሁሉ ወደ እሱ ሲሮጥ አባ በታች በኩል ተሻገሩ። እሱን ግን በካሚዮን ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ምሽግ ያሉትን ደንበኞቼን ብጠይቅ መጨረሻውን የነገረኝ የለም።

እማዬ ተናዝዛ ቆረበች። አሁን ምንም አያማትም።

አባን ያውቋቸዋል፤ ሌላ ሃይማኖት ያለውን ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አያሳልፉም። ከቤታችን ሲወጡ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉኝ። እኛ ያወጣንለትን እንጂ ሌላ አላውቅም፤ ለጥንቃቄ ብዬ እውነተኛ ስሙን ጠይቄው እንኳ አላውቅም። ሥርዓቱ ይፈቅዳል ወይ? ብላቸው ተቆጡ። "እሱን ለእኔ ተወው! አንተ ስሙን አምጣ" አሉኝ።

እዚያ እንግሊዞች አሉ። ይጠይቁልኝ፣ ወንድም ጋሼ። አባ በጸሎት ከእማዬ ስም ቀጥለው ሊጠሩት ነው። ለአርባው ባይደርስ ለሙት ዓመቱ ይድረስልኝ።

የመርጡለ ማርያም እመቤት ጽናቱን ትስጥዎ። ይህን ሲያነቡ ብቻዎን አይሁኑ።

ታናሽ ወንድምዎ