ቤታችንን ያሰረው ብረት ይነሣ ስለ መባሉ

ለክቡር የሕንፃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ በኋላ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? አካልዎ ደኅና፣ ማኅተምዎም ከአቧራ የጸዳ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለሦስት ዓመት ከአልጋ ካልወረዱት እናቴ ጋር በድንጋይ ቤታችን ላይኛው ፎቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ምስጋናዬ ስለ በዛ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ግድግዳችን ከጥጉ ሲሰነጠቅ ያስገባሁትን ማመልከቻ ለአሥራ አራት ወራት በክብር ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ቤቱን የሠሩት ግንበኛው አባቴ ሳይሞቱ «ድንጋይ ሸክም ይችላል፣ መወዝወዝ ግን አይችልም፤ በብረት እሰሩት» ብለውን ነበር። ባለሙያዎ ግን ስንጥቁን በጣታቸው ለክተው፣ ብረት የመንገዱን ውበት ስለሚያበላሽ ቀለም እንድቀባው መከሩኝ።

፪. ትዕግሥቴ በማለቁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ብረት በያጁ ታናሽ ወንድሜ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በስቶ ወፍራም ዘንጎች አሳለፈበት፤ ጫፎቻቸውንም በውጭ በኩል በሰፋፊ ላሜራና በዳዶ አጠበቀ። የመሰርሰሪያው ጩኸት እስኪያበቃ እናቴ ሲጸልዩ ዋሉ።

፫. በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ምድር ስትናጥ እናቴን ላነሣ ሞክሬ አቃተኝና እጃቸውን ይዤ ተቀመጥሁ። ዘንጎቹ ጮኹ፣ ልስኑ ረገፈ፣ ግድግዳው ግን ቆመ። የመሥሪያ ቤትዎ የድንጋይ ሕንፃ በበኩሉ ውበቱን አንድም ብረት ሳይነካው ተዘረገፈ። ደግነቱ ሁላችሁም ለሻይ ወጥታችሁ ነበር፤ የሥራ ሰዓት አለማክበር ነፍስ ሲያድን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሰፈሩ ሌላ የቆመ ቤት ስለ ጠፋ፣ ታችኛውን ክፍላችንን ለጽሕፈት ቤትዎ ለቀቅን። ክቡርነትዎ ሲያስነጥሱ ከላይ ሆነን «ይማርዎ» እንላለን። ታዲያ ትናንት እዚያው ክፍል፣ በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተጽፎ፣ ደረጃውን ወጥቶ የደረሰኝ ደብዳቤ «ያለ ፈቃድ የተገጠመው ብረት በአሥር ቀን ውስጥ ይነሣ» ይላል። ያጎረሰ እጅ ሲነከስ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያስጠለለ ግድግዳ ሲነከስ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ብረቱን አላነሣም። እናቴ ከአልጋቸው አይነቃነቁም፤ እኔም ከቃሌ እንደዚሁ። ትእዛዙ ግዴታ ከሆነ፣ ዳዶው ከመፈታቱ በፊት ክቡርነትዎ ከነጠረጴዛው ወደ ሜዳ እንዲወጡ ብቻ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ዘወትር ከክቡርነትዎ አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ በመገኘቴ እያፈርሁ፣
የላይኛዋ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ዛሬ ጠዋት መጥተው የወንድሜን ስልክ ቁጥር ወስደዋል፤ ሌላ ሰፈር ያለውን ቤታችሁን በብረት ሊያሳስሩ ነው። አስቀድመው ከእርስዎ ፈቃድ እንዲያወጡ በትሕትና ብመክራቸው፣ «እሱ እስኪፈርም ቤቱ ይፈርሳል» አሉኝ።