ከኋላ የሚከፈተው ሳጥን

ኤፕሪል 7፣ ሰኞ
ዛሬም ፀሐይ። ካሙኩንጂ የቀጥቃጮች ሰፈር ላሜራ ስቀጠቅጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ያው ፀሐይ፣ ያው የእኔ አናት። ሁለት ሳጥን ጨረስኩ፣ አንዱ ተሸጠ። ቀትር ላይ ደግሞ ዝናብ ወረደ። ሸራውን ስወጥር ግማሹ ዕቃ ረጠበ። ጎረቤቴ ማኮካ በሳቅ ፈረሰ። የሱም ረጥቧል እኮ... ምኑ ነው የሚያስቀው?

ልጄ ሙምቡዋ ለእረፍት ከአዳሪ ትምህርት ቤት መጣች። ሳጥኗ ተገንጥሏል። እኔ የሠራሁት ሳጥን! መኝታ ክፍል ውስጥ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብረው ስኳሯን፣ ሳሙናዋን፣ የወር አበባ መጠበቂያዋን ሳይቀር ወስደውባታል። ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ። የምትጽፍበትን ደብተር ገልጠው አልጋ ላይ ጥለውት እንደሄዱ ስትናገር ግን ድምፅዋ ተቀየረ።

«ስኳሩን ይውሰዱት አባባ። ደብተሩን ካነበቡት ግን አልመለስም።»

ምን ቢጻፍበት ነው? አልጠየቅኋትም። እኔስ ይህን ደብተር ሚስቴ ንዱኩ እንዳታገኘው ቁርጥራጭ ላሜራ ሥር አይደል የምሸጉጠው... ያውም የረባ ሚስጥር ሳይኖረኝ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ
ሥልጠና ተጠራን። የካሙኩንጂ ቀጥቃጭ ሁሉ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሆቴል አዳራሽ ገባ። ግማሹን ፊቱን አላወቅሁትም። አሠልጣኙ ጊቲንጂ ይባላል፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ አልቆበታል። ካልሲ የለውም። እንደዚህ ያለ ሰው መዶሻ ጨብጦ እንደማያውቅ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም።

ፈጠራ ከሰማይ አይወርድም አለን። ሕግ አለው አለን። ከዕቃው አንድ ነገር ቀንስ፤ ወይ አብዛ፤ ወይ ከፋፍል፤ ወይ ለአንዱ ክፍል ሁለት ሥራ ስጠው፤ ወይ አንዱን ከሌላው ጋር እሰር። በቃ አምስት ነው፤ የዓለም አዲስ ዕቃ ሁሉ የወጣው ከነዚህ ነው። በግድግዳው ላይ አሳየን... ክንፍ የሌለው ማራገቢያ፣ ገመድ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ፣ ቁልፍ የሌለው ስልክ። አንዱ ከኋላ እጁን አውጥቶ፣ እኛ ሰፈርማ ጣሪያ የሌለው የሥራ ቦታ ካለ ቆየ፣ ለምን አልተሸለምንም ብሎ ጠየቀ። ጊቲንጂ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አለና ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ሦስት በላሁ። ሻዩ ግሩም ነበር።

ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ መጣ። ሜይ ላይ ውድድር አለ። ያሸነፈ ሼድ ይሰጠዋል። ጣሪያ ያለው! መብራት ያለው፣ የብየዳ ማሽን ያለው ሼድ። ሁሉም አንገቱን ወደፊት አሰገገ። እኔም ማንዳዚውን አስቀመጥኩ።

ኤፕሪል 11፣ ዓርብ
ሰፈሩ አብዷል። ሁሉም እየቀነሰ ነው። አንዱ ጎማ የሌለው የእጅ ጋሪ ሠራ፤ ለሁለት ተሸክመውት ሲዞሩ ዋሉ። ሌላው ቂጥ የሌለው የከሰል ምድጃ ሠርቶ የጨርቅ ነጋዴ ምንጣፍ አቃጠለ። ማኮካ እንኳን የወንፊት ቀዳዳ ሁሉ ደፈነና «ቀዳዳውን ቀነስኩት» አለኝ። ሰሃን ነው አልኩት። ተናደደ።

እኔ ሁለት አፍ ያለው ምድጃ ሠራሁ። በአንድ ከሰል ሁለት ድስት። ደስ ብሎኝ አደባባይ አወጣሁት... ምን ነክቶኝ ነው? እዚህ ሰፈር አዲስ ነገር ጠዋት ተወልዶ ለምሳ መንታ ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቆጥር ስድስት ሰው አውጥቶታል። የማኮካ ደግሞ ከእኔ ያምራል። መውቀስ አይቻልም፤ የጎረቤትን ሥራ መቅዳት እዚህ ነውር ሆኖ አያውቅም። እኔስ ሳጥን መሥራት የተማርኩት ከማን ሳጥን ነው?

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ
ሙምቡዋ አሁንም አልመለስም ትላለች። ንዱኩ የሱኩማ ጎመኑን እንደ ጠላት ነው የምትከትፈው።

ቁጭ ብዬ የተገነጠለውን ሳጥን ሳየው መጣልኝ። ሌባ የት ነው የሚመታው? ጓጉንቸሩ ያለበትን። ስለዚህ ከፊት ጓጉንቸር ይንጠልጠል፣ ግን ምንም አይቆልፍ! እውነተኛውን ማጠፊያ ከውስጥ ከጓጉንቸሩ ጀርባ ደብቀው። ከኋላ ማጠፊያ የሚመስለው ነው መክፈቻው፤ ሽቦውን ስትስበው ክዳኑ በጀርባው በኩል ይነሳል። ሌባው ጓጉንቸሩን ሲወቅጥ ይዋል።

በጊቲንጂ ሕግ ስንተኛው ይሆን? ኧረ ሕጉ ገደል ይግባ።

እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሽቦ የሚሠራ እንደ ማኮካ የለም። ሥራ ሲበዛ ለጎረቤት ማካፈል ደንብ ነውና ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም። አስገረመኝ... ማኮካና አለመጠየቅ!

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ
አለቀ። ለሙምቡዋ ሰጥቼ ክፈቺ አልኳት። ስትታገል ቆየች፤ በመጨረሻ ሽቦውን ስስበው ጮኸች። ሦስቴ ዘጋች፣ ሦስቴ ከፈተች። ሰኞ ትሄዳለች። ንዱኩ ቻፓቲ ቂጣ ጋገረች።

ልጅቷ ደብተሯን ከታች አስቀምጣ፣ ልብሷን ደርባበት፣ ቀና አለችና «አከፋፈቱን ለማንም አታሳይም አይደል?» አለች። ለማን አሳያለሁ አልኳት። «ለማንም በለኝ» አለች። ለማንም አልኩ።

ሜይ 4፣ እሑድ
ሙምቡዋ በመኝታ ክፍል ኃላፊዋ ስልክ ደወለች። ጓጉንቸሩን ሰብረውታል፣ ሳጥኑ አልተከፈተም! እየሳቀች ነው የምትናገረው። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ እስክወጣ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሜይ 13፣ ማክሰኞ
ውድድሩ ከነገ ወዲያ ነው። በእጄ ያለው ሁለት አፍ ያለው ምድጃ ብቻ። እሱን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይዞ ይቀርባል። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሸራው ተቀደደ። ወገቤ... ሃምሳ ዓመት ሳይሞላኝ እንደ ሽማግሌ ጎብጬ እየሄድኩ ነው።

እንደ ሙምቡዋ ያለ አንድ ሳጥን ሠርቼ ባሳይ ምን ይሆናል? ትምህርት ቤቱ ያለው ሩቅ፣ ማቻኮስ ነው። እዚህ ያለ ሰው እዚያ ላለች ልጅ ምኗ ነው? ንዱኩን ጠየቅኋት። «ቃል የገባኸው ለእኔ ሳይሆን ለሷ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ወይ ይሁን አትል፣ ወይ አይሁን አትል።

ሜይ 15፣ ሐሙስ
አሸነፍኩ።

ሳጥኑን መጀመሪያ ዘግቼ ነበር ያቀረብኩት። ከሌላ ሳጥን አይለይም፤ ዳኞቹ አልፈውኝ ሄዱ። ጊቲንጂ መጥቶ «ካልታየ እኮ ፈጠራ አይደለም፣ ወንድሜ» አለ። ቆምኩ። ከዚያ... ሽቦውን ሳብኩ። ክዳኑ ከኋላ ሲነሳ አዳራሹ አጨበጨበ። አንዷ ዳኛ መልሳ አስዘጋችኝና ለቴሌቪዥኑ ቀስ ብለህ ክፈተው አለችኝ። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። እጄን ከቅርብ ቀረጹት። ጊቲንጂ ይህ ሦስት ሕግ በአንድ ሳጥን ነው እያለ ለካሜራው ያስረዳል፤ እኔ እንኳን አላወቅኩም ነበር።

ሰርተፍኬትም ሰጡኝ። የሥራ መብትህ ነው ተባልኩ። ማን ላይ ላስከብረው ነው... ማኮካ ላይ?

ሜይ 17፣ ቅዳሜ
ለምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ሰው ከኋላ የሚከፈት ሳጥን አውጥቷል። «በቴሌቪዥን የታየው!» እያሉ ይጣራሉ። ማኮካ ግን የድሮውን ሳጥን እየቀጠቀጠ ነው። ምነው፣ ዛሬ እጅህ ታስሯል እንዴ ብዬ ነካሁት።

መዶሻውን አላቆመም። «ሽቦውን ስትሰጠኝ ያን ዕለት ነው የገባኝ» አለ። «ልሠራውም ነበር። የልጅቷ መሆኑን ሳውቅ ተውኩት።»

ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ጁን 9፣ ሰኞ
ሼዱ ገባሁ። ጣሪያ! ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ችግሩ ሼዱ ከመንገድ የራቀ ነው፤ ገዢ አይደርስም። የሚመጡት ጎብኚዎች ናቸው። ፎቶ ያነሡኛል፣ ጊቲንጂ ከሳጥንህ ስድስተኛ ሕግ አውጥቷል ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ዛሬ አንዲት እናት ብቻ ደረሰች። ሳጥኔን አገላብጣ አየችና «ከኋላ የማይከፈት የለህም?» አለችኝ። አሁንማ ሌባ ሁሉ የሚጀምረው ከኋላ ነው።

ጁን 26፣ ሐሙስ
ሙምቡዋ ለአጋማሽ እረፍት መጣች። ሰላም አለችኝ። ሳጥን አልያዘችም፤ ልብሷ በፌስታል ነው።

ነገሩን ከንዱኩ ነው የሰማሁት። በውድድሩ ማግስት፣ ዓርብ ምሽት፣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ዜና እያዩ ነበር። አባትሽ! አባትሽ! ብለው አጨብጭበውላታል። እሷም ቆማ አጨብጭባለች። ሰኞ ዕለት ከክፍል ስትመለስ ሳጥኑ በጀርባው ተከፍቷል። ደብተሩ የለም። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ።

ሄጄ ፊቷ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ለሁላችንም ነው፣ ለትምህርት ቤት ክፍያሽም ይረዳል ምናምን... ይህን አፌ ላይ ያመጣው ምን እንደሆነ አላውቅም።

«ያጨበጨቡልኝ ናቸው ያነበቡት» አለች። ከዚያ ገላዋን ልትታጠብ ሄደች።

ይቅርታ አላልኳትም። ለምን አላልኩም? ሠላሳ ጊዜ አዘጋጅቼው ነበር።

ጁን 28፣ ቅዳሜ
ነገ ትመለሳለች። ትመለሳለች እንጂ አልመለስም አላለችም፤ እሱን አላወራችም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ሼዱ ወሰድኳት። የፈለግሽውን ሳጥን እሠራልሻለሁ፣ ማንም ያላየው፣ ለራሴም እንዳይገባኝ አድርጌ አልኳት። ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። ያምራል አለች። ከዚያ ወጣች።

ተከተልኳት። ማኮካ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ተራ ሳጥን ነው የመረጠችው፤ ከፊት የሚከፈት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። በዋጋ አልተከራከረችም። እኔ ልክፈል ብል ማኮካ አየኝ፤ ባዶ እጄን ከኪሴ አወጣሁት። ያጠራቀመችውን ሰጠችው።

ጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱን በክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ትርፉን አንድ ሰው ቤት ማስቀመጥ ደንብ ነው፤ ከጠፋ ብለን። እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሼ ማኮካ፣ ይቺን ያዝልኝ» አለችው።