ከዐሥራ ሁለቱ በላይ አንድ፦ የአቶ ዘውገ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘውገ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ኃይሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ እሸቴ በ1946 ዓ.ም. በወሎ፣ መርሳ ከተማ ተወለዱ። እናታችን እሳቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ገበያ ላይ ሽንኩርት በመደብ እየሸጡ ነው ያሳደጉን። ከመደቡ በላይ አንድ ራስ ምራቂ ሳይጨምሩ ገዢ ሸኝተው አያውቁም።

አቶ ዘውገ ትምህርታቸውን በመርሳና በወልዲያ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ አሜሪካ መጥተው በላስ ቬጋስ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሃያ አራት ዓመት ሠርተዋል። በ1994 ከወይዘሮ ትብለጥ ጋር ተጋብተው ናርዲንና ሊውልን አፍርተዋል።

በ2017 ጡረታ ሲወጡ በኖርዝ ላስ ቬጋስ ቤታቸው ጓሮ የሐበሻ ሽንኩርት መትከል ጀመሩ። በጥቅምት ይተክሉታል፤ ቅጠሉ ሲወይብ በግንቦት ነቅለው ጋራዥ ውስጥ ያደርቁታል። መኪናው ፀሐይ ላይ መዋሉን በተመለከተ ወይዘሮ ትብለጥ በየዓመቱ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ሰሚ አላገኙም።

በ2019 ቦልደር ሲቲ በተካሄደ የአትክልት ውድድር ተካፈሉ። ደንቡ በአንድ ሰሐን እኩል መጠን ያላቸው ዐሥራ ሁለት ራስ ሽንኩርት ይላል። ወንድሜ ዐሥራ ሁለቱን በጠርሙስ ክዳን እየለኩ ደረደሩና፣ ከላይ አንድ ምራቂ ጨመሩ። ዳኞቹ ቆጥረው ከውድድር አስወጧቸው። አብሬያቸው ነበርሁ፤ እኔ አፈርሁ፣ እሳቸው ተናደዱ። መጨመር እንዴት ጥፋት እንደሚሆን እስከ ቤት ድረስ ሲጠይቁኝ መጡ። ሳልሸለም አልተወውም ያሉትም ያን ቀን ነው።

የ2020 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ሆቴሎቹ ተዘግተው ሺፍት ላጡ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው የዓመቱን ምርት በየደጃፋቸው አስቀመጡላቸው። ለራሳቸው ዘሩን ብቻ አስቀሩ።

በጥር 2021 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ የነገራቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ እሳቸውም የጠየቁት እስከ ውድድሩ ይደርስ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በግንቦት ሊውል እየነቀለ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው መረጡ። በውድድሩ ዋዜማ ሰሐኑ ሲሰናዳ ዐሥራ ሦስተኛውን ራስ አንሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ናርዲ ያዘቻቸው።

«ባባ፣ ፕሊስ፣ ቱዌልቭ ብቻ ነው። ሩሉን ቼክ አድርጌዋለሁ» አለቻቸው።

«ይሁን፤ ንፉግነቱ የነሱ ነው» ብለው ሽንኩርቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ጁን 12 ቀን ሁለተኛ ወጡ። ናርዲ የሽልማቱን ካርድ ስታመጣላቸው መጀመሪያ የጠየቁት አንደኛ የወጣው ማን እንደ ሆነ ነው። አንዲት የቦልደር ሲቲ አዛውንት መሆናቸውን ነገረቻቸው። ዐሥራ ሦስተኛውን ራስ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧትና «ውሰጂላቸው፤ ምራቂ ነው በያቸው» አሏት። በነጋታው ወሰደችላቸው።

አቶ ዘውገ ማክሰኞ ጁን 15 ቀን 2021 በ67 ዓመታቸው ከቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትብለጥ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል። በጣም እናዝናለን። ሽንኩርቱ የደረሳቸው የቦልደር ሲቲዋ አዛውንትም ዛሬ በስንብቱ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ በጥቅምት እንደሚተክሉት ነግረውናል።

እግዚአብሔር ለወንድሜ የሥራቸውን ዋጋ ሲሰፍርላቸው ምራቂውን አይርሳባቸው። አሜን።

መርሻ ተክለማርያም