ለታችኛው ገበያ ቀበሌ ሊቀ መንበር፦ ስለ ወንዳፈራሁ ለቅሶና ስለ ተቆለፈው ቴሌቪዥን

ለተከበሩ ጓድ ዳኜ
የታችኛው ገበያ ቀበሌ ሊቀ መንበር
መሐል ሜዳ

የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ ውርጭ ለእኛ ሲያስቡ እንቅልፍ የሚያጡት ዓይኖችዎ፣ በየአጥሩ ሥር የሚነገረውን ለመስማት የሚደክሙት ጆሮዎችዎ፣ እኛን ለማንቃት በድምፅ ማጉያ የሚሰነጠቀው ጉሮሮዎ ሁሉም በያሉበት ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ደኅና ነኝ። ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ ስለሚኖረኝ ጤና ግን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ጸሐፊው ወዳጆ ነኝ፤ በሸንጎው ግድግዳ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የእጅ ጽሑፌን እንደሚወዱት ስለማውቅ፣ ባለፈው ሳምንት በወይዘሮ ጥሩሸዋ ላይ ያዘጋጁትን ክስ አሳምሬ እንድገለብጠው ሲልኩልኝ አልተገረምኩም። ገልብጬ መልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ያዘዘኝ የለም። በሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ያላስገባሁትም ስለ ናቅሁት አይደለም፤ ቁልፉ ከጠፋ ሦስት ዓመት ስለሆነውና እስከዚያው የገባው ሐሳብ ሁሉ በውስጡ በሰላም ስላረፈ፣ እንዳልረብሸው ብዬ ነው። ስለዚህ በካርቦን አራት ቅጂ አውጥቼ አንዱን ለእርስዎ፣ ሦስቱን ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ለአውቶቡስ መቆሚያውና ለገበያው ዛፍ አድርጌያለሁ።

ከዘመሮና ከቀየት ለገበያ መጥቶ ይህን የሚያነብ እንግዳ እንዳይደናገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቀበሌያችን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ባሳየው ብርታት አንድ ቴሌቪዥን ተሸልሞ በአዳራሹ ተቀምጧል፤ አንቴናው በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ታስሯል፤ ነፋሱ ሲያዘነብለው አንድ ጎረምሳ ወጥቶ ያቃናዋል። በዚህ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ወንድም የሶሻሊስት አገር የመጣ ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። ዘንዶ አለበት፣ ጠንቋዮች አሉበት፣ ከወንዝ ውኃ ጋር የሚነጋገር አንድ ወጣት ልዑልም አለበት። በውጭ አገር ቋንቋ የሚጠራበት ስሙ ለምላሳችን ስላልተመቸ እኛ ወንዳፈራሁ አልነው። ኅዳር ላይ የፊልሙ የመጀመሪያ ዙር ሲያልቅ ወንዳፈራሁ ሕዝቡን ለማዳን ሲል ከዘንዶው ጋር ተናንቆ ገደል ገባ፤ ወዲያው ሙዚቃ ተመታና አለቀ። ሞተ አላሉን፣ ተረፈም አላሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐል ሜዳ «ሞቷል» እና «አልሞተም» በሚሉ ሁለት ወገኖች ተከፍላ ከረመች። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ተኳርፈዋል። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሲደርስ ሰው ዕቃውን ከማውረዱ በፊት ሹፌሩን ስለ ወንዳፈራሁ ይጠይቀው ነበር፤ ሹፌሩም አንድ ቀን ሕያው ነው፣ አንድ ቀን ተቀብሯል እያለ እንደ ተሳፋሪው ፊት ይመልስ ነበር። አንዲት እናት ፍትሐት እንዲደረግለት ቄሱን ጠይቀው፣ የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን አምጡ ተብለው ተመልሰዋል። አዲሱ ዙር የካቲት ፲፬ ቀን ቅዳሜ እንደሚጀመር ከተነገረ ወዲህማ ሰዉ ከሁለት ሳምንት በፊት አጎዛውን አዳራሹ ውስጥ እያነጠፈ ቦታ ይዟል። የእኔም አጎዛ ከሁለተኛው ረድፍ አለ።

አሁን ምስጋናዬንና ቅር ያለኝን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የካቲት ፪ ቀን ስላሳዩት ንቃት አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን የሠፈራችን ሴቶች ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ ሊፈትሉ በወይዘሮ ጥሩሸዋ ግቢ ተሰብስበው ነበር። የ«ሞቷል» ወገኖች እነዚያን ለማብሸቅ ሲሉ የወንዳፈራሁን ለቅሶ በጨዋታ ጀመሩ። ጎረቤታችን ጠጄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች፣ «ሴቶች ምን ቁጭ ትላላችሁ፣ ልዑል የሚያህል ሰው ወድቆ» ስትል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን አስቀምጠው የተነሡት።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከግሼ እስከ መርሐቤቴ እየተጠሩ የሚሄዱ አልቃሽ እንደነበሩ እንግዳውም ይወቅ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን በማንም ለቅሶ ላይ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ይመለሱ ነበር። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ጥር ላይ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረው አንድ ልጃቸው ወሰኔ በማለዳ ከቤቱ ተወስዶ በማግሥቱ ከድልድዩ ማዶ ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስም፣ ጥቁር መልበስም፣ ድንኳን መትከልም ክልክል ነው ተባሉ። መመሪያውን በራቸው ላይ ቆሞ ያነበበላቸው ወጣት የአብዮት ጥበቃ ጓድ ዛሬ ሊቀ መንበራችን ነው። ድምፅዎ ያን ጊዜም ጥሩ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ማልቀስ ሲጀምሩ ሳቁ ጸጥ አለ። ቀልዱን ያመጣችው ጠጄ ራሷ መሬት ላይ ተቀምጣ እውነተኛ እንባ አነባች። በአጥሩ ወዲያ እያለፍኩ የነበርኩት እኔም ቆሜ ሰማሁ። የተጠራው ስም ወንዳፈራሁ ነበር፤ ለቅሶው የማን እንደሆነ ግን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቅ ነበር። እርስዎም በማወቅዎ ከምሳ ሰዓት በፊት ሦስት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ልከው አንዲት ባለ እንዝርት ሴት አስይዘዋል። አካባቢያችን ከዚያ ወዲህ ከሙሾ ነፃ ሆኗል።

፪ኛ. ስለ ምርመራው ብስለት አድናቆቴ ወሰን የለውም። «ለማን አለቀስሽ?» ተብለው ተጠየቁ። ለልዑሉ ነው ቢሉ የወደቀውን የፊውዳል ሥርዓት ናፋቂ ይሆናሉ፤ ለሌላ ነው ቢሉ የአብዮቱን ፍርድ ተቃዋሚ ይሆናሉ። ባለ ሁለት በር ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ሁለቱም በሮቹ እስር ቤት ወደ ሆነው ማዳበሪያ መጋዘን የሚያስገቡ ቤት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ምንም ባለመመለሳቸው ዛሬ በዚያው መጋዘን ዐሥረኛ ቀናቸው ነው። ክሱን ስገለብጥ ከታች ሁለት መስመር ባዶ እንድተው ማዘዝዎንም አልረሳሁም፤ ልዑሉ ቅዳሜ በሕይወት ከተገኘ «ያልሞተን ሞተ ብሎ ሐሰተኛ ወሬ መንዛት» የሚለው ይሞላበታል ብለውኛል። አንድን ክስ በዘንዶ ፊልም እንዲጠናቀቅ ቀጠሮ የሰጠ ሊቀ መንበር በክፍለ ሀገሩ ሌላ እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ።

፫ኛ. ይህ ምስጋና ሳይሆን ሕመም ነው፤ በአክብሮት መጻፍ ቢያቅተኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለፈው ዓርብ በአዳራሹ በር ላይ ቁልፍ አንጠልጥለው ማስታወቂያ ለጠፉ። ቅዳሜ ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ወይዘሮ ጥሩሸዋ መድረክ ላይ ቆመው በግለ ሂስ «ያለቀስኩት ለማንም አይደለም፤ የማለቅስለት ሰው የለኝም» እስኪሉ ድረስ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም፤ እምቢ ካሉም ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ታስረው ወደ ደብረ ብርሃን ይላካሉ የሚል ነው። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዱላ ሳያነሡ፣ አንድም ጥይት ሳያባክኑ፣ ጎረቤቶቻቸውን በላያቸው ላይ አዘመቱባቸው። ሦስት ወር ሙሉ ወንዳፈራሁ፣ ወንዳፈራሁ ሲል የከረመ ሕዝብ ከመጋዘኑ መስኮት ሥር ሰልፍ ያዘ። «እትዬ፣ ምን ቸገረዎት፣ አንዴ ይበሉትና እንይበት» ይሏቸዋል። «ቃል አይደለም እንዴ፣ ቃል ምን ይከብዳል» ይሏቸዋል። በቅሎ ጭነው ከቀየት የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ በአሮጊቷ ላይ ተቆጡ።

የሚያሳፍረኝን ልናገር። እኔም ሄጃለሁ። እሑድ ዕለት ከመስኮቱ ሥር ቆሜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በደል የጻፈች ይህችኑ እጄን ብረቱ ላይ አድርጌ፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው፣ እግዜር ልብዎን ያያል» አልኳቸው። ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ያሰብኩት ግን ለአጎዛዬ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዐሥር ቀን ውስጥ ከተናገሯት ጥቂት ቃል አንዷን ያን ጊዜ ሰማሁ። «እናንተ የምታዩትን እዩ፤ እኔ ያየሁትን አላየሁም አልልም» አሉኝ። ልጃቸው በተገደለበት ዓመት የወሰኔን አሟሟት የሚያስረዳ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው መጥተው፣ እጄን አሞኛል ብዬ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ። እጄ ደኅና ነበር፤ ፈርቼ ነው።

፬ኛ. ስለ ማዳበሪያው መጋዘን አየርም የምለው ነበረኝ፤ ነገር ግን እርስዎ አንድ ጊዜ ገብተው ቢያስነጥሱ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ ይገባዎታልና ትቼዋለሁ።

እነሆ ልመናዬ አጭር ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋን ከቅዳሜ በፊት ወደ ቤታቸው ይመልሱ። ቢመልሷቸውም ባይመልሷቸውም ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር እንደተቆረጠ በትሕትና አሳውቃለሁ። በመጀመሪያ ያለችው ጠጄ ናት፤ ቀልዱን እንደ ጀመረች እውነቱንም እሷው ጀመረችው። ቅዳሜ አዳራሹ አንገባም። ድንኳኑ በወይዘሮ ጥሩሸዋ ግቢ ይተከላል፤ የወሰኔን ለቅሶ በስሙ ጠርተን፣ ዘጠኝ ዓመት ዘግይተን እንቀመጣለን። የ«ሞቷል» ወገንም የ«አልሞተም» ወገንም በአንድ ወንበር ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑን ከፍተው ለባዶው አዳራሽ ቢያሳዩት አንቀየምም። አልዋሽዎትም፤ ያ ልጅ ከገደሉ ተርፎ እንደሆነ ለማወቅ አንጀቴ ይቃጠላል፤ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከአዳራሹ ሲሰማ ሳይሄድ የሚቀረው እግሬ እንደሚመሰክርልኝ አውቃለሁ። የምጨነቀውም ለራሴ እግር ብቻ አይደለም፤ የሌላውም እግር ያሰጋኛል። ወንዶቹ ለቅዳሜ ሦስት ቀን ቀረን እያሉ እየተያዩ ነው፤ ሁለት ሰዎች ስማቸው እንዳይጠቀስ ለምነውኛል፤ እኔም የማን ስም እንደ ሆነ አልጽፍም። የእኔ ግን ከታች አለ።

እርስዎም የቀበሌው ነዋሪ ነዎትና ለቅሶ ይድረሱ። ቦታ እንይዝልዎታለን።

ዘወትር ስለ ጤናዎ የሚጨነቅ፣ ትእዛዝዎን አሳምሮ ሲገለብጥ የኖረ፣ የሌላውን አቤቱታ ሲጽፍ የራሱን ዕዳ የረሳ፣ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ አገልጋይዎ፣

ወዳጆ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ መሐል ሜዳ

ማስታወሻ፦ ክሱን ስገለብጥ እንደ ልማዴ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃልም አልቀነስኩም። አራተኛው መስመር «ልዑሉ በፊልሙ ያልለበሰውን ግራጫ ሹራብ በሙሾዋ ጠርታለች» ይላል። ሙሾውን በአጥሩ ወዲያ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ነበር፦

ሹራቡን አጥልቀህ በማለዳ ወጥተህ፣
እኔ በር በሩን ሳይ የት አመሸህ ቀርተህ።

የሹራቡ ቀለም አልተነገረበትም። ትናንት በመስኮቱ ብጠይቃቸው ግራጫ ነበር አሉኝ፤ ሠርተው የጨረሱትና ያለበሱት ልጁ በተወሰደበት ማለዳ ነው፤ ከወሰዱት ሰዎች በቀር ማንም አላየውም። በማግሥቱ ከድልድዩ ማዶ ስናነሣው በሸሚዝ ብቻ ነበር። እርስዎ እስከ ዛሬ «መመሪያ አነበብኩ እንጂ ልጁን በዓይኔ አላየሁትም» ሲሉን ኖረዋል፤ ክሱን በቃልዎ ያጻፉትም የፈረሙበትም ግን እርስዎ ነዎት። ሹራቡ እስካሁን ካለ፣ ቅዳሜ ለለቅሶ ሲመጡ ለእናቱ ይዘውላቸው ይምጡ።